እምነትና ልቡና በአንድ ቤት
ስለ ኮርዶባው ፈላስፋ ስለ ኢብን ሩሽድ ሕይወትና ትምህርት

መግቢያ

ትምህርተ ክርስቶስን ያስተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ አስጨናቂ ሰዓት አለ። ከፊቱ ከተቀመጡት ልጆች አንዱ እጁን ያወጣና ስለ ዓለም አፈጣጠር ወይም ስለ ሰው ነፍስ በትምህርት ቤት የሰማውን ጠቅሶ «ታዲያ እውነቱ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን በድንጋጤ የምንሰጠው መልስ «ይህ የእምነት ነገር ነው፤ እመን እንጂ አትመራመር» የሚል ነው። ልጁም እጁን ያወርዳል፤ ጥያቄው ግን ከልቡ አይወርድም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥያቄውን እንደያዘ ከቤተ ክርስቲያን ሲርቅ የምናዝነውም እኛው ነን።

ይህ ጭንቀት በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት በሙስሊሞችም፣ በአይሁድም፣ በክርስቲያኖችም መካከል ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በጥልቀት ከመረመሩት የእስልምና ሊቃውንት አንዱ የሆነውን የኢብን ሩሽድን ሕይወትና ትምህርት እናጠናለን። «በካቶሊካዊ መጽሔት ስለ ሙስሊም ፈላስፋ ለምን ይጻፋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ከቤተ ክርስቲያን ታላላቅ መምህራን አንዱ የሆነው ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ይህን ሰው በትጋት አንብቦታል፤ ከእርሱም ተምሯል፤ በከባድ ጉዳዮችም ተከራክሮታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስንመለከት እምነት ጥያቄን የማይፈራው ለምን እንደሆነ እንረዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

1ኛ. ሕይወቱ

ኢብን ሩሽድ በ1126 በአንዳሉስ፣ ማለትም በዛሬዪቱ ደቡብ ስፔን በምትገኘው በኮርዶባ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የታወቀ የሕግ ሊቃውንት ቤተሰብ ነበር፤ ስሙን የወረሰው አያቱም የኮርዶባ ዋና ቃዲ ነበረ። ልጁ እንደ ቤተሰቡ ወግ የእስልምናን ሕግ ተማረ፤ ከዚያም በሕክምናና በፍልስፍና ሠለጠነ። የላቲን ሊቃውንት ስሙ ለአንደበታቸው ስላልቀና «አቬሮዌስ» ብለው ጠሩት፤ በአውሮፓ መጻሕፍትም በይበልጥ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው።

ኢብን ሩሽድ ከሰው ተለይቶ የኖረ ፈላስፋ አልነበረም። በ1169 በሴቪል፣ በ1171 ደግሞ በተወለደባት በኮርዶባ ቃዲ ሆኖ ተሾመ። በሕግ ረገድ የጻፈው «ቢዳየቱል ሙጅተሂድ» የተባለው መጽሐፍ የልዩ ልዩ የሕግ ወገኖችን አስተያየት ከነምክንያታቸው ጎን ለጎን የሚያቀርብ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ በእስልምና የሕግ ትምህርት ይጠናል። በሕክምና የጻፈው «አል-ኩልያት» የተባለው መጽሐፍም ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲያገለግል ኖሯል።

ከሕይወቱ ታሪክ ሁሉ ለርእሳችን የሚቀርበው በሙወሒዱን መንግሥት ኸሊፋ በአቡ ያዕቁብ ዩሱፍ ፊት የቆመበት ቀን ነው። ወደ ቤተ መንግሥት ያቀረበው የኸሊፋው ሐኪምና ፈላስፋ የነበረው አረጋዊው ኢብን ጡፈይል ነው። ደቀ መዝሙሩ ከአፉ ሰምቶ እንዳወራውና የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ እንደመዘገበው፣ ኸሊፋው ስለ ስሙና ስለ ቤተሰቡ ከጠየቀው በኋላ በድንገት «ፈላስፎች ስለ ሰማይ ምን ይላሉ? ዘላለማዊ ነው ወይስ መጀመሪያ አለው?» የሚል ጥያቄ አቀረበለት። ኢብን ሩሽድ እጅግ ደነገጠ። የሚሰጠው መልስ ለክስ ምክንያት እንዳይሆንበት ፈርቶ ፍልስፍናን እንዳልተማረ ተናገረ። ኸሊፋው ግን ፍርሃቱን ስለተረዳ ፊቱን ወደ ኢብን ጡፈይል መልሶ የጥንት ፈላስፎችን ሐሳብና የእስልምና ሊቃውንትን ተቃውሞ በሚያስደንቅ ዕውቀት ይተነትን ጀመር። ኢብን ሩሽድም ሲረጋጋ የሚያውቀውን ገልጦ ተናገረ።

ይህን ታሪክ ልብ እንበለው። ከዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ በዕውቀት የላቀው ሰው እንኳ በፍርሃት ዕውቀቱን ካደ፤ አንደበቱ የተፈታው ፍርሃቱን የሚያርቅለት ሰው ሲያገኝ ነው። በትምህርት ክፍላችን ዝም ብለው የተቀመጡ ስንቶች ይሆኑ?

ከዚያ በኋላ ኢብን ጡፈይል የኸሊፋውን ፍላጎት ነገረው። ኸሊፋው የግሪካዊው ፈላስፋ የአርስጣጣሊስ (የአሪስቶትል) መጻሕፍት ለመረዳት አስቸጋሪ ስለሆኑ የሚያብራራቸው ሰው ይሻ ነበር። ኢብን ሩሽድ ሥራውን ተቀብሎ ለአብዛኞቹ የአርስጣጣሊስ መጻሕፍት ትርጓሜ ጻፈ፤ ለአንዳንዶቹም አጭር፣ መካከለኛና ሰፊ እያለ ደጋግሞ ተረጐማቸው። በ1182 የኸሊፋው ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

ይሁን እንጂ ክብሩ እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። በአል-መንሱር ዘመነ መንግሥት፣ በ1195፣ ፍልስፍናን የሚጠሉ ሰዎች ከሰሱት። ዕድሜው ወደ ሰባ ዓመት በተጠጋ ጊዜ ከኮርዶባ ብዙም ወደማትርቀው ወደ ሉሴና ተጋዘ፤ የፍልስፍና መጻሕፍቱም እንዲቃጠሉ ታዘዘ። በኋላ ምሕረት ተደርጎለት ወደ ማራካሽ ቢመለስም ብዙ ሳይቆይ በ1198 መጨረሻ በዚያው ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ ኮርዶባ ሲወሰድ ያየው ኢብን አረቢ የተባለው የሱፊ መምህር ሬሳ ሣጥኑ በጭነት ከብቱ በአንድ ወገን፣ የደረሳቸው መጻሕፍት ደግሞ በሌላው ወገን ሚዛን ሆነው መጫናቸውን ጽፏል።

2ኛ. ጥበብ ያለፈችባቸው እጆች

ኢብን ሩሽድ የግሪክ ቋንቋ አያውቅም ነበር። አርስጣጣሊስን ያነበበው በዓረብኛ ትርጉም ነው። እነዚህን ትርጉሞች ካዘጋጁት መካከል ዋነኞቹ በባግዳድ ይኖሩ የነበሩ የሶርያ ቋንቋ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ከእነርሱም ስሙ የታወቀው በ873 የሞተው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ነው። ስለዚህ አረማዊው ግሪካዊ የጻፈውን ክርስቲያኖች ተረጐሙት፤ ክርስቲያኖች የተረጐሙትን ሙስሊሙ አብራራው፤ ሙስሊሙ ያብራራውን አይሁድ ወደ ዕብራይስጥ መልሰው ጠበቁት፤ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ሚካኤል ስኮት የተባለው ካህንና ሌሎች ሊቃውንት ወደ ላቲን መለሱት። ከኢብን ሩሽድ ሥራዎች አንዳንዶቹ የዓረብኛው ጽሑፍ ጠፍቶ የተገኙት በዕብራይስጡ ወይም በላቲኑ ብቻ ነው።

የአገራችንም ሥነ ጽሑፍ ለዚህ ዓይነቱ መንገድ እንግዳ አይደለም። የጥንት ፈላስፎችን ምክር የያዘው «መጽሐፈ ፈላስፋ» በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ የተተረጐመው ከዓረብኛ ነው። እውነትን የሚወድ ሰው ዕቃው ከየት መጣ ብሎ ሳይሆን መልካም ነውን ብሎ እንደሚመረምር አባቶቻችንም ያውቁ ነበር።

3ኛ. ዋና ትምህርቱ

ኢብን ሩሽድ በ1179 ገደማ «ፈስል አል-መቃል» የተባለ አጭር መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ የተዘጋጀው እንደ ፈትዋ፣ ማለትም እንደ ሕግ ሊቅ ፍርድ ነው። ጥያቄውም «ፍልስፍናን መማር በሃይማኖት ሕግ የተፈቀደ ነው ወይስ የተከለከለ፣ ወይስ ግዴታ?» የሚል ነው። ዳኛው ኢብን ሩሽድ ችሎታው ላላቸው ሰዎች ግዴታ ነው ብሎ ፈረደ። ምክንያቱም ቁርኣን ሰዎች ፍጥረትን እንዲያስተውሉ ያዛል፤ የእጅ ሥራን ጠንቅቆ ያወቀም ሠሪውን አብልጦ ያውቃል፤ ጠንቅቆ ለማወቅ ደግሞ የመመርመሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል።

«ይህ መሣሪያ ከአረማውያን የመጣ ነው» ለሚሉት የሰጠው መልስ ቀላል ነው። ለመሥዋዕት የምናርድበት ቢላዋ ስለቱ የተስተካከለ ይሁን እንጂ ባለቤቱ የእኛ ሃይማኖት ተከታይ መሆን አለመሆኑን አንጠይቅም። «በፍልስፍና ምክንያት የሳቱ ሰዎች አሉ» ለሚሉት ደግሞ ውኃ ትን ብሎት የሞተ ሰው አለ ተብሎ የተጠማውን ሰው ውኃ መከልከል እንደማይገባ አስረዳ። ትንታ በአጋጣሚ ይገድላል፤ ጥማት ግን በራሱ ገዳይ ነው።

የትምህርቱ መሠረት እግዚአብሔር የሰጠው ቃልና በትክክለኛ ምርምር የተገኘ ዕውቀት በእውነት ሊጣሉ አይችሉም የሚል ነው። ሁለቱ የተጣሉ ሲመስል ወይ ምርምሩ ጎድሏል፣ ወይም የቅዱሱ ቃል ምሳሌያዊ ትርጉም አልተስተዋለም ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከእርሱ ሰባት መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ ኦሪት ዘፍጥረትን ሲተረጉም፣ ክርስቲያኖች ስለ ሰማይና ስለ ምድር ሳያውቁ በመጽሐፍ ቅዱስ ስም እየተናገሩ ቅዱሱን መጽሐፍ መሳለቂያ እንዳያደርጉት አጥብቆ አስጠንቅቋል።

ኢብን ሩሽድ በ1111 ከሞተው ከታላቁ የሃይማኖት መምህር ከአል-ገዛሊ ጋርም በጽሑፍ ተከራክሯል። አል-ገዛሊ የእግዚአብሔርን ሁሉን ቻይነት ለመጠበቅ ሲል፣ ጥጥ ከእሳት ጋር ሲገናኝ እሳቱ ራሱ እንደሚያቃጥለው ማረጋገጥ አንችልም፤ የምናየው አንዱ ከሌላው ጋር መከሰቱን ብቻ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ኢብን ሩሽድ ግን የነገሮችን የተፈጥሮ ምክንያት የሚክድ ሰው ዕውቀትንም እንደሚክድ፣ የፈጣሪንም ጥበብ እንደሚሰውር መለሰ። ፍጥረት በእውነት የሚሠራ ኃይል ቢኖረው የፈጣሪው ክብር አይቀንስም። ቅዱስ ቶማስም በኋላ ከዚህ ጋር የሚስማማ ትምህርት አስተምሯል።

4ኛ. የምንለያይባቸው ነጥቦች

ማክበር ልዩነትን መደበቅ አይደለም። ቢያንስ በሦስት ጉዳዮች ከኢብን ሩሽድ እንለያለን።

ሀ) ስለ ዓለም መጀመሪያ፦ ኢብን ሩሽድ ዓለም ዘወትር በእግዚአብሔር ላይ የተመሠረተች ናት፤ ነገር ግን በጊዜ የተወሰነ መጀመሪያ የላትም ብሎ ያምን ነበር። እኛ ዓለም ካለመኖር ወደ መኖር የመጣችና መጀመሪያ ያላት መሆንዋን እናምናለን። ቅዱስ ቶማስ ግን በዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር ጨመረ። ዓለም መጀመሪያ እንዳላት የምናውቀው በእምነት ነው፤ ልቡና ብቻውን መጀመሪያ እንዳላትም እንደሌላትም በማያዳግም ማስረጃ ሊያረጋግጥ አይችልም አለ። እምነትን በደካማ ማስረጃ ለመደገፍ የሚሞክር ሰውም፣ የማያምኑት «የሚያምኑት በዚህ ምክንያት ነውን?» ብለው እንዲስቁ ዕድል ይሰጣቸዋል ብሎ አስጠነቀቀ።

ለ) ስለ ሰው አእምሮ፦ ኢብን ሩሽድ ስለ ነፍስ በጻፈው ሰፊ ትርጓሜ፣ ዕውቀትን የሚቀበለው አእምሮ ለሰው ልጆች ሁሉ አንድ ነው፤ በየሰዉ የተለያየ አይደለም ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። ይህ ሐሳብ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ተከታዮችን ባፈራ ጊዜ ቅዱስ ቶማስ በ1270 ልዩ መጽሐፍ ጽፎ ተቃወመው። አሁን የሚያስተውለው ይህ አንዱ ሰው ራሱ አይደለምን? የሚያስተውለው ሌላ ከሆነ ሰውየው እንዴት አወቀ ይባላል? ከሞት በኋላ አንድ የጋራ አእምሮ ብቻ የሚተርፍ ከሆነ ለጻድቁ ዋጋ፣ ለበዳዩም ፍርድ የት ይገኛል? እግዚአብሔር እያንዳንዱን ሰው በስሙ ይጠራል ብለን የምናስተምር እኛ ይህ ክርክር ለምን ከባድ እንደነበረ እንረዳለን።

ሐ) ስለ ሊቃውንትና ስለ ተራው ሕዝብ፦ ኢብን ሩሽድ ሰዎችን በሦስት ከፈላቸው፤ በማስረጃ የሚያምኑ ጥቂቶች፣ በክርክር የሚያምኑና በስብከት የሚያምኑ ብዙዎች። ጥልቁ ትርጓሜ ለብዙዎቹ እንዳይነገር አጥብቆ አሳሰበ። እርግጥ ነው፣ ለሕፃን ወተት፣ ለጎልማሳ ጠንካራ ምግብ መስጠት እንደሚገባ ሐዋርያውም አስተምሯል። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ለሊቃውንት የተለየ፣ ለምእመናን የተለየ ጸሎተ ሃይማኖት የለም። እረኛዋም መምህሩም የሚደግሙት አንዱን «ነአምን» ነው።

5ኛ. ያልተናገረው ነገር

በ1277 የፓሪስ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒየ 219 አንቀጾችን አወገዘ። በመግቢያውም አንዳንድ መምህራን አንድ ነገር በፍልስፍና እውነት ነው፣ በካቶሊክ እምነት ግን እውነት አይደለም እያሉ ሁለት ተቃራኒ እውነቶች እንዳሉ ያህል ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ይህ «የሁለት እውነቶች ትምህርት» ለረጅም ዘመን በኢብን ሩሽድ ስም ሲጠራ ኖሯል። ከላይ እንዳየነው ግን ኢብን ሩሽድ ያስተማረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ያልተናገረውን ነገር በስሙ ማስተላለፍ ሐሰት ስለሆነ፣ ከሃይማኖታችን ውጭ ስላለ ሰው ስንናገርም በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ይመለከተናል።

ለትሕትና የሚረዳ ሌላም ነገር አለ። በ1277 ከተወገዙት አንቀጾች አንዳንዶቹ ከቅዱስ ቶማስ ከራሱ ትምህርት ጋር ይነካኩ ነበር። ቅዱስ ቶማስ በ1323 ቅድስናው ከታወጀ ከሁለት ዓመት በኋላ የፓሪስ ጳጳስ ውግዘቱ እርሱን በሚነካበት ክፍል እንዲሻር አደረገ። በጥድፊያ የተሰጠ ፍርድ ቅዱሱንም ሊመታ እንደሚችል ታሪኩ ያሳያል።

6ኛ. ቅዱስ ቶማስ እንዴት ተከራከረ?

ከጥንት የጣሊያን ሥዕሎች አንዳንዶቹ ቅዱስ ቶማስን በዙፋን ተቀምጦ፣ ኢብን ሩሽድን ከእግሩ ሥር ወድቆ ያሳያሉ። የቅዱስ ቶማስን መጻሕፍት የሚገልጥ ሰው የሚያገኘው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቅዱስ ቶማስ አርስጣጣሊስን «ፈላስፋው»፣ ኢብን ሩሽድን ደግሞ «ተርጓሚው» እያለ ይጠራዋል፤ ስም መጥቀስ እንኳ አያስፈልገውም ነበር። በተስማማበት ቦታ ይቀበለዋል፤ ባልተስማማበት ቦታ ምክንያቱን ዘርዝሮ ይለያል።

በ1270 በጻፈው መጽሐፍ ኃይለ ቃል መጠቀሙ አይካድም። ነገር ግን ክርክሩን የመራበት ሥርዓት ትምህርት የሚሆን ነው። ተቃዋሚዎቹን የሚረታው በእምነት ማስረጃ ሳይሆን እነርሱ ራሳቸው በሚቀበሉት በፈላስፎች ቃልና በምክንያት እንደሚሆን በመጀመሪያ አስታወቀ፤ እንዲህም አደረገ። በመጨረሻም መልስ አለኝ የሚል ሰው በየጥጋጥጉ ለልጆች ከማንሾካሾክ ይልቅ በግልጽ እንዲጽፍ ጋበዘው። እውነትን የያዘ ሰው ክርክርን በአደባባይ ያደርጋል።

7ኛ. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

በመጀመሪያ ደረጃ ጥያቄ የእምነት ጠላት አይደለም። 1ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1870፣ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1998 ስለ እምነትና ስለ ልቡና በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ልቡናን የፈጠረና እምነትን የሰጠ አንዱ አምላክ ስለሆነ ሁለቱ በእውነት ሊቃረኑ እንደማይችሉ አስተምረዋል። ስለዚህ ለሚጠይቀን ልጅ መልሱን ባናውቅ «መልካም ጥያቄ ነው፤ አብረን እንፈልግ» ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የተጠማውን ከውኃው መመለስ ነው።

ሁለተኛ፣ ደካማ ማስረጃ ከማቅረብ ዝምታ ይሻላል። በእምነት የምናውቀውን በእምነት፣ በልቡና የምናውቀውን በልቡና እንደምናውቅ ለይተን እንናገር።

ሦስተኛ፣ 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ክርስቲያን ስላልሆኑ ሃይማኖቶች ባወጣው ሰነድ ቤተ ክርስቲያን ሙስሊሞችን በአክብሮት እንደምትመለከት ገልጾ፣ ያለፈውን ጠብ ትተን ለመግባባት በቅን ልብ እንድንተጋ አሳስቧል። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሠርግም በለቅሶም አብረው ይቀመጣሉ። ይህን መልካም ጉርብትና በዕውቀት ልናጸናው ይገባል። የጎረቤታችንን እምነት ከጠላቶቹ አፍ ሳይሆን ከራሱ አፍ እንስማ፤ የእኛንም ሳንደብቅ እንንገረው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በገርነትና በአክብሮት መልስ እንድንሰጥ ያዘዘን ይህንኑ ነው።

የኮርዶባው ሊቅ በኸሊፋው ፊት በፍርሃት ዕውቀቱን ደብቆ ነበር። በትምህርት ክፍላችን የሚቀመጥ ማንም ልጅ ጥያቄውን በፍርሃት እንዳይደብቅ የልቡናና የእምነት ሰጪ የሆነው እግዚአብሔር ትዕግሥትንና ጥበብን ያድለን።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት ተማሪዎቻችን ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል ሳንመልስ ያለፍነው የትኛውን ነው? ለምን?

2. ኢብን ሩሽድ ስለ ውኃና ስለ ትንታ የሰጠው ምሳሌ ለእኛ የማስተማር ሥራ ምን ይነግረናል?

3. ቅዱስ ቶማስ ተቃዋሚውን እርሱ በሚቀበለው ማስረጃ መከራከሩ ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር ለምናደርገው ውይይት እንዴት ይረዳናል?

4. በአካባቢያችን ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚነገር፣ እኛ ግን እውነትነቱን ያላጣራነው ነገር አለን?